የሃያ ሴቶች አንድ ስልክ

መቀመጥ አልችልም። እናቴ ስታማኝ «ይሄ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ በቅሎበታል» ትላለች፤ አርባን አልፌም ሐሜቱ አልተለወጠም። ስልክ ሳወራ እዞራለሁ፣ ስበላ እነሳለሁ፣ ሲያትል ቢከን ሂል ሰፈር ያለው የቤታችን ምንጣፍ ከመስኮቱ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ በኔ እግር ሳስቷል። እግዜር ሲቀልድብኝ ደግሞ እንጀራዬን፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላው ሰው ሲጓዝ በማየት ላይ አደረገው።

ሬድመንድ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ትልቁን የሶፍትዌር ኩባንያ ያስባል፤ እናቴም ለሚጠይቃት ሁሉ እንደዚያ እንዲያስብ ትተወዋለች። የኔ መሥሪያ ቤት ግን ከጥርስ ክሊኒክ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሠራተኞቿ አንድ ሚኒባስ የማይሞሉ ትንሽ ድርጅት ናት። የምንሠራው ለደሴት አገሮች ነው። ደሴት ዙሪያዋን ክፍት ትመስላለች እንጂ በአውሮፕላን የሚገባባት በር አንድ ነው። እዚያ በር ላይ ጥቂት የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ይቆማሉ፤ ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ ካረፈ ሁሉንም መንገደኛ እንጠይቅ ቢሉ እስከ ማግስቱ አይጨርሱም። ስለዚህ አየር መንገዶቹ ገና ሳይነሱ የመንገደኞቻቸውን መረጃ ይልካሉ። ስም፣ ፓስፖርት፣ ትኬቱን ማን እንደከፈለ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ደርሶ መልስ ይሁን የመሄጃ ብቻ፣ የተሰጠው ስልክ ቁጥር። እኛ ያንን እናበጥርና «እነዚህን ለይታችሁ ጠይቁ» ብለን እንልክላቸዋለን።

የኔ ድርሻ መንገደኞችን በስልክ ቁጥርና በከፋይ ማገናኘት ነው። የማይዛመዱ ብዙ ሴቶች በአንድ ስልክ ቁጥርና በአንድ ሰው ካርድ ትኬት ተቆርጦላቸው ከመጡ፣ በዚያ ላይ የመመለሻ ትኬት ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ቀይ ያበራል። ይህን ደንብ እወደው ነበር። የሆቴል ሥራ አለ ተብለው ተታለው የመጡ፣ ፓስፖርታቸውን የተቀሙ ልጃገረዶች በዚህ ደንብ ተገኝተዋል። ከደሴቶቹ የአንደኛዋ ኃላፊ በቪዲዮ ስብሰባ ይህን ሲነግረን ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። ያን ቀን ማታ ባቡሩ ባዶ መቀመጫ ሞልቶት ቆሜ ቤቴ ደረስኩ፤ እኔን ደስታም አያስቀምጠኝም።

እህቴ ከኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች። እዚህ ሲያትል ተምራ ነርስ ሆነች፤ ከዚያ ከደንበኞቻችን በአንዷ ደሴት ሆስፒታል ተቀጥራ ሄደችና የዚያን አገር ልጅ አገባች። ሰርጓ ካቻምና እዚያው ነበር። የእናቴ የማኅበር ጓደኞች «ልጃችንን ባሕር መሀል ያለ ዘመድ አንድራትም» ብለው ሃያ ገደማ ሴቶች ሆነው ሄዱ። ከበሮ ይዘው ነው የሄዱት። የትኬታቸውን ነገር በሙሉ የጨረሰችላቸው የኦቴሎዋ እትዬ ናት።

እትዬን በኛ በኩል የማያውቃት የለም። ኤርትራዊት ናት፣ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባላት ሱቅ በርበሬም፣ የሕፃን ልብስም፣ የአውሮፕላን ትኬትም ትሸጣለች። ትኬት ስትቆርጥ ታዲያ የምታስገባው የመንገደኛውን ስልክ ሳይሆን የራሷን ነው። ምክንያት አላት። እናቶቻችን የማያውቁት ቁጥር ሲደውል አያነሱም፤ በረራ ተለውጧል የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ቢመጣላቸውም አያዩትም። እሷ ጋ ከመጣ ግን እንደየሰዉ በአማርኛም በትግርኛም ደውላ ታስጠነቅቃለች። ካርዱም የሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። በሷ በኩል ቆርጦ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው አላውቅም።

እህቴ አረገዘች። እናቴም ልታርሳት ልትሄድ ተነሳች፤ ይህ በኛ ቤት ጥያቄ የሚነሳበት ነገር አይደለም። ባልየው ደግ ሰው ነው፤ ግን ገንፎ አያውቅም። እህቴ ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታል። ስንቷን ሴት ያዋለደች ነርስ፣ አሁን ስልክ በደወለች ቁጥር እንደ ሕፃን «እማዬ መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች። ፈርታ ነበር። እናቴ አጠገቧ ካልቆመች እንደማይሳካላት በልቧ ወስናለች፣ እናቴም እንደዚሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ትኬቱ ታትሞ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። እናቴ ደስ ብሏት ታንጎራጉራለች። ቆሜ አነበብኩት። ስልክ ቁጥሩ የእትዬ፣ ካርዱ የእትዬ፣ ትኬቱ የመሄጃ ብቻ። መመለሻውን ለምን አላስቆረጥሽም ብዬ ጠየቅኳት።

«ወንድ ይሁን ሴት አናውቅማ» አለችኝ፣ የማልረዳ ጅል እንደሆንኩ ሁሉ። «ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ክርስትናው ሳይነሳ ጥያት ልመጣ ነው እንዴ?»

እህቴና ባሏ የልጁን ጾታ ለማወቅ አልፈለጉም ነበር። ስለዚህ እናቴ የምትመለስበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ግን እናቴን ሲያይ ምን እንደሚያይ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰርገኞቹ የሄዱ ጊዜ ደንቡ ገና አልተገጠመም፤ መረጃቸው ግን እዚያው ተቀምጧል። እንደኛ ባህል እያንዳንዷ ሴት በአባቷ ስም ስለምትጠራ ሁለቱ እንኳ በስም አይዛመዱም። ሃያ ባዕድ ሴቶች፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ካርድ። አሁን ደግሞ ሌላ ሴት ብቻዋን፣ በዚያው ስልክ፣ መመለሻ የላትም።

ይህን ለእናቴ መንገር አልችልም። ቀዩ መብራት በምን እንደሚበራ ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ሌላ ሌላ ሰበብ እየፈለግሁ ጨቀጨቅኳት። በስሜ ልቁረጥልሽ፣ የአየር መንገድ ነጥብ አጠራቅሜያለሁ፣ ርካሽ አገኘሁ አልኳት። እትዬን አላስቀይምም ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እራት ላይ ደግሜ ሳነሳባት ማንኪያዋን አስቀመጠችና ምን ሆነሃል፣ እንድሄድ አትፈልግም እንዴ አለችኝ። ተነስቼ መዞር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ኦቴሎ ወረድኩ። እትዬ ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ሴት ሽንብራ እየመዘነች ነበር፤ ጨርሳ እጇን እየጠራረገች መጣችና አገላብጣ ሳመችኝ። የእናቴን ስልክ ቁጥር ለውጪልኝ ልላት ነው የሄድኩት። አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። በረራ ሲቀርብ የተለወጠ ቁጥርም እኛ ዘንድ ምልክት ነው፤ ያንን ራሴ ነኝ ያስገባሁት። ደግሞስ ሰው ከደንቡ እንዲያመልጥ ማስተማር ማለት ሌላ ምንድን ነው? እትዬ ፊቴን አይታ «ምን አጠፋሁ የኔ ልጅ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ቤታችን ሞልቶ የተረፈውን ሽሮ ገዝቼ ወጣሁ፤ እናቴም ከረጢቱን ስታይ ሽሮ ልትነግድ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኳት። እሷ ራሷ የደሴት ልጅ ናት፤ ትልቅ ካርታ ላይ የማትታይ አገር ናት ትላለች ስትቀልድ። እናቴ ልትሄድ እንደሆነ፣ በማን ስልክ እንደተቆረጠላት፣ ሃያዎቹ ሴቶችም ሰርገኞች እንደነበሩ አስረዳኋት። በኛ ሰዎች ዘንድ አንድ ስልክ የጥፋት ምልክት አይደለም፣ መተማመን ነው አልኳት። በደንብ አዳመጠችኝና ኮምፒውተሩ የሱቋን ሴትዮ ከደላላ በምን ይለያት ብላ ጠየቀችኝ። ደላላም እኮ የምረዳቸው ልጆች ናቸው ነው የሚለው። ደላላም በካርዱ ይከፍላል አለችኝ።

«እኛ አገር በሩ ላይ የሚቆመው የአጎቴ ልጅ ነበር» አለችኝ። «ፊትህን አይቶ ነው የሚያስገባህ። ፊትህ ካላማረው ቀኑን ሙሉ ያስቀምጥሃል። እመነኝ፣ ስልክ ቁጥር ከፊት ይሻላል።»

ከዚያም እናቴ ደርሳ እስክትገባ ድረስ ከዚያች ደሴት ሥራ አነሳችኝ። የሥጋ ዘመድህ ያለበትን ነገር አትነካም አለችኝ። ልክ ናት። ተናደድኩ። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ የደሴቷን ሥራ ተረክቦ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ጥፋት የለበትም፣ ታዟል። እኔ ግን አንገቴን እንደ ዝይ አስረዝሜ ዋልኩ።

እናቴን ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ የገንፎ እህል፣ አብሽና የሕፃን ሹራብ ነው፤ ቅቤውን በስንት ልመና አስወጣኋት። ፍተሻው በር ላይ መርቃኝ ስታበቃ አሁንማ ተቀመጥ አለችኝና ገባች። እኔ ግን ከኤርፖርቱ ሳልወጣ መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግሁ ጠፍቶኝ ሦስቱን ፎቅ ዞርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ኮል አደረገችኝ። እዚያ መሽቷል፤ እዚህ እኛ ሥራ መግባታችን ነው። ከኋላዋ የኤርፖርት ድምፅ ይሰማል።

«ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አለቀ። እማዬ አልወጣችም» አለችኝ። «ሶ አንተ ሥራህ ይሄ አይደል? ኮል አድርግላቸው በቃ።»

ተቀመጪ አልኳት። መቀመጫ የለም አለችኝ። የመውለጃዋ ሳምንት ነው፤ ያንን ሆድ ተሸክማ አጥሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ባሏ ውስጥ ያለውን ዘበኛ ሲለምን ይሰማኛል። አጠገቤ የባልደረባዬ ስክሪን ግድግዳውን እያየ ነው። እናቴ እዚያ ውስጥ እንዳለች፣ ቀይ በርቶባት እንደተቀመጠች አውቃለሁ፤ ከኔ እስከ ስክሪኑ ሁለት ክንድ አይሞላም። ተነሳሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ሳልጠጣ ደፋሁት፣ ደግሞ ቀዳሁ። ባልደረባዬ ቀና ብሎ አላየኝም። የማያየኝ አዝኖልኝ መሆኑ ገብቶኝ ይበልጥ ፈራሁ።

እናቴ ያኔ ምን እየሆነች እንደነበር በኋላ ነግራናለች። አንድ ወጣት የኢሚግሬሽን ሠራተኛ፣ ትሑት ልጅ ነው ትለዋለች፣ ትኬቱን ማን እንደገዛላት ጠየቃት። እትዬን ማለቷ ነው፣ እህቴ ናት አለችው። ወንበር አቀረበላትና እዚያው ፊቷ የትኬቱን ስልክ ደወለ። እትዬ ሱቋን ልትከፍት ቁልፍ እያሽከረከረች አነሳችው። ይቺ ሴት ምንሽ ናት ሲላት እናቴ ናት አለችው፤ እናቴን በዕድሜ ስለምታከብራት ሌላ ጠርታት አታውቅም። ወጣቱ ሁለቱንም ጻፈ። ሌሎች ሴቶችም ልከሻል ወይ አላት። እትዬ እሷ ደሞ ሥራዋን የሚያደንቅላት ሰው አገኘች መስሏት፣ ስንቱን ቆጥሬ እችላለሁ፣ የሲያትልን ሴት ሁሉ የምልከው እኔ ነኝ፣ ሁሉም የኔ ናቸው አለችው። እናቴንም መቼ ትመለሻለሽ ቢላት ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ አለችው። ይህን ስትነግረን እኛ በሳቅ ፈረስን፤ እሷ ግን ምኑ እንዳሳቀን አልገባትም፤ ሁሉንም እውነቱን ነው የተናገረችው።

አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ራሷ ዘጋችው። ከደሴቷ ጠይቀው ነበር፤ ያመጣት አውሮፕላን ተመልሶ ሊነሳ ነው፣ ይዟት እንዲመለስ ወይስ ትግባ ብለው።

«ማን እንደሆነች ልነግራቸው እችላለሁ» አለችኝ። «አንድ ስልክ ነው። ግን ለሌላ ለማንም የማላደርገውን ነው ላንተ የማደርገው። አስበህ ንገረኝ፣ ልደ…»

«ደውዪ» አልኳት።

ደወለች። ደንቡን ማን እንደጻፈው፣ ባለፈው ሰኞ ምን እንደተባባልን፣ ምንም ትዝ አላለኝም፤ እህቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ነው የታየችኝ። ዛሬም ብትጠይቀኝ ደውዪ እላታለሁ፣ ነገም። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። እህቴ እያለቀሰች መናገር አቅቷታል፤ ከኋላዋ እናቴ ለምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ በዚህ ሆድሽ ብላ ስትቆጣት ይሰማል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እህቴ በሦስተኛው ቀን በሰላም ተገላገለች። ሴት። እናቴ እጇን ይዛ ነበር፤ ከእትብቱ እስከ ገንፎው ድረስ የሆነውን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ ጉልበቴ እስኪዝል ሳሎኑን ዞርኩ። እትዬ ኦቴሎ ሆና እልል አለች። እንግዲህ ሰማንያ ቀን ነው ተባለ፣ እኔም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

አራሷ ረጋ ስትል እናቴ አንድ ቀን ደውላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም አለችኝ። አንዲት የአገራችን ልጅ አብራት ነበረች፤ በዚያው አውሮፕላን የመጣች፣ ከአዲስ አበባ የተሳፈረች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። የጓደኛዬ አጎት የምግብ ቤት ሥራ አግኝቶልኝ ነው ብላታለች፤ ሰውየውን አይታው አታውቅም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው ያላት። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች።

«እኔን ሲጠሩኝ አብረን የተጠራን መስሏት ተነሳች» አለችኝ እናቴ። «ያ ትሑት ልጅ አንቺ ተቀመጪ አላት። እኔ በደስታ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት፣ በደንብ ሳልሰናበታት ወጣሁ። ለኔ እንዳስደወልክልኝ እህትህ ነግራኛለች። ለሷስ ማን ደወለላት?»

አጣራለሁ አልኳት።

እናቴ ስለገባች የደሴቷ ሥራ ተመልሶልኝ ነበር። የዚያን በረራ መዝገብ ከፈትኩ። ሁለቱ ከላይና ከታች ናቸው፤ እናቴና ልጅቷ፣ ሁለቱም ቀይ። የእናቴ ላይ «የተሳሳተ ጥቆማ» ተብሎ ተሞልቷል። የልጅቷ ላይ «ተመለሰች» ይላል፤ እሱ በኛ አሠራር ከተሳኩት ጋር ይቆጠራል። የሰውየው ቁጥር በሌሎች ልጃገረዶች ትኬትም ላይ አለ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ በኋላ ፓስፖርታቸውን ተቀምተው የተገኙት ናቸው። ለአለቃዬ አሳየኋት። ይሄማ ደንቡ በትክክል የሠራበት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም አምናለሁ። ይህን አምኜ እንኳ ወንበሬ ላይ መቆየት አቃተኝ፤ ወጥቼ ከጥርስ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ በዝናብ ደጋግሜ ዞርኩት።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ሰውየው ደላላ ነው፣ ልጅቷ ከክፉ ነገር ነው የዳነችው፣ በዚያው አውሮፕላን ወደ አገሯ ተመልሳለች አልኳት። ከእናቴ ኋላ የእህቴ ልጅ ታለቅሳለች።

«ማን ተቀበላት?» አለችኝ።

ልጅቷ አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠችበትን ወንበር አውቃለሁ፣ በመስኮት በኩል ነው። አንድ ሻንጣ ነበራት። ትኬቷ የተቆረጠላት ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የፓስፖርቷን ቁጥር አውቃለሁ። እንደደረሰች ማን በር ላይ እንደቆመላት፣ ወይ ማንም እንዳልቆመ፣ የሚጻፍበት ቦታ የለም። አላውቅም አልኳት። ደውለህ ጠይቃት እንጂ አለችኝ እናቴ፣ ስልክ ቁጥር የላትም እንዴ?

አላት። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ የሰውየው።